ግንባሩ መሬት እስኪነካ

አላህ ይዘንለትና ባለቤቴ ሕመሙን የማይናገር ሰው ነበር። ኩራት አልነበረም። በእኛ ሰፈር "እንዴት ነህ?" ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።" እግሩ የተሰበረ ሰውም መጀመሪያ ይህን ይላል፤ ስለ እግሩ የሚያወራው ቀጥሎ ነው። ባለቤቴ ግን የመጀመሪያውን ተናግሮ እዚያው ያቆማል።

ስለዚህ ዳሌው መጎዳቱን የነገረኝ ካልሲው ነው። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ካልሲውን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ እግሩን ሩቅ አገር እንዳለ ነገር ሲያየው አገኘሁት። ተንበርክኬ አጠለቅሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲው የእኔ ሥራ ሆነ።

ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ተወው። በመጨረሻ ራጅ ተነሳ፤ የጭኑ አጥንት ራስ ተፍቆ አልቋል፣ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ሂዱ አሉን። ከጎንደር በአውቶቡስ ሄድን። ገና ጠዳን ሳናልፍ በሁለት እጁ ወንበሩን እየተደገፈ ሰውነቱን ከፍ ያደርግ ጀመር።

"አመመህ?"

"መንገዱ ነው።"

መንገዱ አስፋልት ነበር።

እህቱ ቤት አርፈን ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ቀረብን። የመጀመሪያው ሸምገል ያሉ ናቸው።

"ሕመሙ እንዴት ነው?" አሉት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ዶክተር።"

"ከእንቅልፍ ያስነሳዎታል?"

"አላህ ይመስገን።"

ዶክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እንግዲያው ምን ያስቸኩለናል? ከዓመት በኋላ ብቅ በሉ።"

"ውሸቱን ነው ዶክተር!" አልኩ። "ካልሲውን እኔ ነኝ የማጠልቅለት። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ጥርሱን ነክሶ ነው። ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ከወረደ ያለ ሰው አይነሳም።"

ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዶክተሩ ብዕራቸውን መልሰው አነሱ። መገጣጠሚያውን በሙሉ አውጥተው በሰው ሠራሽ እንደሚተኩት፣ ከኋላ በኩል ከፍተው እንደሚገቡ፣ ብዙ ዓመት በዚሁ መንገድ እንደሠሩ አስረዱን። አደጋው አጥብቆ መጎንበስ ነው፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። "ወንበር ላይ ይስገዱ" አሉት። "ሃይማኖትዎም ለታመመ ይፈቅዳል።"

ታክሲ ውስጥ "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "አንቺ ሐኪም ብትሆኚ ጎንደር ውስጥ ጤነኛ አይገኝም ነበር" አለ።

ሁለተኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። "አባባ፣ ይቀመጡ" ሲለው ባለቤቴ "አባባ ስትለኝ ባሰብኝ" ብሎ አሳቀው። ይህኛው የአጥንቱን ራስ ቆርጦ አይጥልም፤ ፍቆ የብረት ቆብ ያለብሰዋል። ከተሳካ መሬት ላይ መስገድ ይችሉ ይሆናል ሲል የባለቤቴ ፊት በራ።

ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲሸጥ፣ ለደንበኞቹ "በሱቅ መብራት አትግዙ፤ በር ላይ አውጥታችሁ በፀሐይ እዩት" ይል ነበር። ለገዛ ዳሌው ግን ወደ በር መውጣት አልፈለገም። ሐኪምን መመርመር ነውር እንደሆነ ባውቅም ጠየቅሁ።

"ይህን ለስንት ሰው ሠርተዋል?"

ወጣቱ አንገቱን አከከ። "ከአስተማሪዬ ጋር ጥቂት። ብቻዬን ሁለት።"

"አጥንቱ ቆቡን ባይሸከመውስ?"

"ሊሰበር ይችላል። ያን ጊዜ እንደገና ከፍተን ሙሉውን እንቀይራለን።"

ስለ እውነተኛነቱ ወደድኩት፤ ስለ እውነተኛነቱም ፈራሁት።

ማታ እህቱ ቤት ራት ላይ "አንቺ ምረጪ" አለኝ ባለቤቴ። "እኔ ከመረጥኩ ለሱጁዴ ብዬ ነው የምመርጠው።" ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩ። ሽማግሌውን ሐኪም መረጥኩ። "እሺ" አለና መብላቱን ቀጠለ። ምነው ተቆጥቶኝ በነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ጎንደር ተመልሰን ጥቂት ወራት እንደቆየን ሱቁ ገባ። ሰላት ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። እሱ ዝቅ ባለ ቁጥር መሬት ላይ መስገድን የነፈግሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ብጠይቀው መልሱን አውቀዋለሁ፤ "አልሐምዱሊላህ።"

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ገርበብ ባለው በር አየሁ። የሚሰግድበትን ወንበር ግድግዳው ሥር አስጠግቶታል፤ እሱ ካረፈ ወዲህም ከዚያ አላነሳሁትም። በአንድ እጁ ይዞት በጉልበቱ ወረደ። ከዚያ ለቀቀውና ግንባሩን ወደ መሬት አቅንቶ ጎነበሰ። "ከቦታው ሊወጣ ይችላል" ያሉት የዶክተሩ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ብጮህ ይደነግጣል፤ ብገባ ሰላቱን አቋርጥበታለሁ። ውሃው ከእጄ ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ ቆምኩ።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሰላቱን ሲጨርስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላመተ፤ ወደ ግራ ሲዞር በሩ ላይ አየኝ።

"አመመህ?" አልኩት።

ወንበሩን መልሶ ያዘ።

"አመመኝ" አለ። አብረን ስንኖር የመጀመሪያው ነው። "ግን ነካሁ።"