ሽማግሌ ያባረረው ጎሚስታ

የእህቴ ባል ኣባዲ ዓዲ ሓቂ በሚባል ሰፈር ውስጥ ጎማ ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው፤ አፉ ግን አይጣል ነው። ጎማው አልቆበት የመጣን ሰው ሳይሰድብ አይሠራለትም። “ልጆችህን በዚህ ጭነህ ነው የምትዞረው?” ይልና መፍቻውን ይወረውራል። ደንበኞቹ ግን አይቀየሙትም። እንዲያውም ወረፋ ይዘው ከፊታቸው ያለው ሲሰደብ እየሳቁ ያያሉ።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ አያስቅም። አምና ሴት ልጁን ዮሃናን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ጮሆ ከግቢ አስወጣቸው። ምን አጠፉ ብንለው፣ “አመጣጣቸው አላማረኝም!” አለ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የመጡት። ከዚህ ወዲያ እንዴት ይምጡለት?

ዮሃና አላለቀሰችም። “ኣቦይ፣ እንደገና ይመጣሉ። ዳግም ካባረርካቸው እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ፤ አልመለስም” አለችው። ቀልዷን እንዳልሆነ ገባው።

ሓወልቲ አካባቢ ወደምትሠራ ፍሬወይኒ የምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ወሰድኩት። “እኔ እብድ ነኝ እንዴ?” እያለ መንገዱን ሙሉ ሲጮህብኝ ሄድን። ብቻዬን አልገባም ስላለም አብሬው ተቀመጥኩ።

“ኣያ ኣባዲ፣ ሊቆጡ ሲሉ ሰውነትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?” አለችው።

ትንሽ አሰበና፣ “ጆሮዬ ይሞቃል” አላት።

“እንግዲያው ጆሮዎ ሲሞቅ ይውጡና ፊትዎን ይታጠቡ። ከቁጣው ሥር ምን እንዳለ ራስዎን ይጠይቁ። ከዚያ ተመልሰው ለሰዎቹ ይንገሯቸው።”

“ከሥሩ ምን አለ?”

“እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።”

ስንወጣ፣ “ታዲያ የሷ ሥራ ምንድን ነው?” ብሎ ተቆጣ። ምክሯን ግን ያዘ። መኪናውን በክሪክ እንደሰቀለ ደንበኛውን ጥሎ ወደ ቧንቧው ይሮጥ ጀመር። ስድቡ የናፈቃቸው ደንበኞች፣ “ምነው፣ አሞታል እንዴ?” እያሉ እኔን ይጠይቁኛል።

ሽማግሌዎቹ እንደተባለው ተመልሰው መጡ። ተቀመጡ ሳይባሉ መቀመጥ ነውር ነውና በር ላይ ቆመው፣ ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ኣቦይ ገዛኢ፣ “ኣባዲ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልጅህን ለልጃችን...” ብለው ጀመሩ። የኣባዲ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ብድግ ብሎ ወጣ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዮሃና ጓዳ ውስጥ ቦርሳዋን ስታነሳ ሰማሁ።

ውጭ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ኣባዲ ፊቱ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰ።

“ተናድጃለሁ” አላቸው። “አምናም ተናድጄ ነበር። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። ማታ ስገባ በር የምትከፍትልኝ እሷ ናት። ከሄደችብኝ በኋላ ያን በር ማንኳኳት ፈርቼ ነው።”

ኣቦይ ገዛኢ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “እኔ ሴት ልጆቼን ሁሉ ድሬያለሁ” አሉ። “በየሰርጉ ከሙሽራው ወገን ጋር እጣላ ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ።” ሌሎቹም ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ።

“ተቀመጡ እንጂ!” ብሎ ጮኸባቸው ኣባዲ። “ምን ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ?”