ምክር የማይሰጥ ዛፍ

ዛፎች መካከል መዋል መንፈስን ያረጋጋል ብለው የሚመክሩን ሰዎች፣ ራሳቸው ለአፍታ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አልሰማቸውም። ትናንት ግን በወደብ ከተማችን ዳርቻ ባለው በባልባላ ሰፈር ሳልፍ አንድ ሰው የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጥ ነበር። መራራው የቅጠል ሽታ ካርቲየ 3 ወደሚባለው የልጅነት ሰፈሬ መለሰኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ እናቴን ሳያማክር ሁለት ወንድሞቹን አንዲት ክፍል ቤታችን ውስጥ ሊያኖር ይዟቸው መጣ። እናቴ ሻንጣዋን አነሳች፣ እኔንም ክንዴን ይዛ «ድሬዳዋ፣ እናቴ ቤት እገባለሁ!» እያለች ወጣች። አባቴን ዳግም የማላየው መሰለኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ በራቸው ላይ ካለው ኒም ስር ምንጣፍ አንጥፈው ጋደም ብለዋል።

«ፋጡማ፣ በዚህ ሐሩር ወዴት ነው? ሙቀቱ እስኪበርድ ቁጭ በይ፤ ከዚያ ትሄጃለሽ።»

«ልትመክሪኝ ነው?»

«እኔማ ልተኛ ነው። ዛፉም ምንም አይልሽም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።»

እውነትም ተኙ። አነጋገራቸው ያኔ አልገባኝም። እናቴ ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች። ቢጫ ቅጠል ሻሿ ላይ ሲወድቅ አላራገፈችውም። ከወደቡ የሚመጣው ነፋስ ከላያችን ሲንሿሿ፣ ክንዴን የያዘው እጇ ቀስ በቀስ ላላ። ጥላው ረዝሞ መንገዱን ሲያቋርጥ እናቴ ተነሳች፣ እትዬ ዘይነብ ጠዋት ልብስ አለቅልቀውበት በባልዲ የተዉትን ውሃ ዛፉ እንዲጠጣ ግንዱ ስር አፈሰሰችና ሻንጣውን አስይዛኝ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ትናንት ማታ፣ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ሬዲዮ ስትሰማ አገኘኋት።

«እማ፣ ያኔ ድሬዳዋ ሳትሄጂ ለምን ቀረሽ?»

«ሙቀቱ መቼ በረደና!» አለችኝ።