የሰፋሪው እንጨት

በዚያ ሰፈር ሰው ሲሟገትም ሲቀልድም በሰፋሪው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ "ጋሽ ልክ ይፍረደን" ይባባላል፤ ባለሱቁ ስኳር ሲመዝን እጁ ትንሽ ከቀለለ ደንበኛው "ምነው፣ ከጋሽ ልክ ብትማር" ብሎ ወጋ ያደርገዋል። የወጣለት ስም ይኸው ነው፣ ጋሽ ልክ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ሥራው ቀላል ነው፤ ቀላል ይመስላል ልበል እንጂ። በየወሩ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ስንዴ በከባድ መኪና ተጭኖ የእርዳታው መጋዘን ደጃፍ ይራገፋል። ዝናብ የከዳቸው፣ ሥራ የጠፋባቸው፣ ጧሪ ያጡ ሰዎች ከረጢታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይሰለፋሉ። ሰፋሪው ከላይ የተቆረጠ አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ይቆማል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ወር፣ አንድ ቆርቆሮ ነው። ስንዴውን ቁልል አድርጎ ይሞላና አንድ ክንድ በምታህል እንጨት አፉን ጥርግ ያደርገዋል። የተጠረገው መሬት ላይ ወደተነጠፈው ሸራ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው የሰውየው ነው። ይህን ሲያደርግ ሃያ ዓመት ሞላው።

እንጨቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። ሥራ ሲያልቅ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ይወስዳታል፤ ሌላ ሰው ሲነካት አይወድም። "ቆርቆሮውን ለምዳዋለች" ይላል አፉን ሞልቶ። እውነትም ለምዳዋለች። የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ቦታዋን ታውቃለች፤ ወዲያ ወዲህ አትልም፣ አትንሸራተትም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢጎትታት እንኳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጉዱ ያለው እዚህች ላይ ነው። እሱ ግን አላየውም። እኛም ብንሆን አናየውም ነበር፣ ዝም ብለን አንፍረድበት።

ታዲያ ወሩ ባለቀ ቁጥር መጋዘኑ ውስጥ ጥቂት ኩንታል ይተርፋል። ሰፋሪው ይህን የጥንቃቄው ፍሬ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። መሬት የፈሰሰውን በጉልበቱ ተንበርክኮ እየለቀመ፣ አፈሩን እያራገፈ ይመልሳላ። ስንዴውን የሚያከፋፍለው ቢሮ ደግሞ "እነዚህ ሰዎች ይተርፋቸዋል" ብሎ ለሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ቀንሶ ይልካል። አንድ ጊዜ ስንዴውን ከሚልከው አገር እንግዶች መጥተው ከነቆርቆሮው ፎቶ አነሱት። "ብክነት የሌለበት መጋዘን" የሚል ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሰጠው። ወረቀቱ ሳሎኑ ውስጥ ከሠርግ ፎቶው ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

አሁን ስለ ልብስ አጣቢዋ ልንገራችሁ፣ ያለ እሷ ይህ ታሪክ ታሪክ አይሆንም።

ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። የሰው ልብስ እያጠበች አንዲት ልጇን የምታሳድግ ቀጭን ሴት የሁለት ሰው ስንዴ ተሰፍሮላት ሄደች። በማግስቱ ከረጢቷን እንደተሸከመች ተመልሳ መጣች። ሰልፉ ገና እስከ በሩ ድረስ ነበር።

"ጋሽዬ፣ ጎደለብኝ" አለች ቀስ ብላ። "በየወሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ባዶ ይሆኑብኛል። እንደ ምንም እየቆጠብኩ ነው፣ አይደርስልኝም። ምናልባት ሲሰፈር ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ነው።"

የሰፋሪው ደም ፈላ። እሱን፣ ጋሽ ልክን፣ በሰው ፊት ጎደለ ማለት። ከረጢቷን ከእጇ መንጨቅ አደረገና ስንዴውን እንደገና ሰፈረው። በዚያው ቆርቆሮ፣ በዚያችው እንጨት። ሁለት ቆርቆሮ ልክ ሆነ፤ አንዲት ፍሬ አልበዛ፣ አንዲት ፍሬ አልጎደለ።

"አየሽ?" አላት፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ስንዴው አልጎደለም። የጎደለው የአንቺ እጅ ነው። ቤት መያዝ ካላወቅሽበት እኔ ምን ላድርግሽ?"

ሰልፉ ሳቀ። ጾሙን የዋለ ሰው መሳቂያ ሲያገኝ እንዴት እንደሚስቅ ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ከረጢቷን አስራ ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "ጎደለብኝ" ሆኖ ቀረ። ሕፃኑም ሽማግሌውም "ጎደለብኝ" ይላታል። እሷም ሰልፉን ሁልጊዜ ከመጨረሻ ትይዝ ጀመር፤ ተራዋ ሲደርስም ቀና ብላ አታይም፣ ተቀብላ ትሄዳለች። ሰፋሪው ይህን አይቶ "አፈረች" ነበር ያለው። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ።

ባለፈው ወር የሰፋሪው ልጅ ባል፣ አናጢው፣ ስጦታ ይዞለት መጣ። ከጠንካራ እንጨት የተላገ፣ በዘይት የታሸ፣ ሲያዩት የሚያጓጓ አዲስ የቆርቆሮ መጥረጊያ ነው። "ሃያ ዓመትዎን ላክብርልዎ ብዬ ነው፣ አባባ" አለው። ሰፋሪው የድሮዋን በጨርቅ እንደጠቀለለ ቤት አስቀመጣትና በአዲሱ ሊሰፍር ወጣ።

ያን ቀን ስንዴው አለቀበት።

በሃያ ዓመት ሆኖ አያውቅም። አርባ አንድ ቤተሰብ ገና ከረጢቱን እንዳጣጠፈ ሸራው ላይ አቧራ ብቻ ቀረ። ከሁሉም መጨረሻ ልብስ አጣቢዋ ቆማለች። "ሐሙስ ሌላ ጭነት ይመጣል፣ ሐሙስ ኑ" አለ ሰፋሪው። ሌላው አጉረመረመ። እሷ ዞር አለችና እንደመጣችው ሄደች።

የመጋዘኑ አስተባባሪ፣ የልጁ እኩያ የምትሆን ወጣት፣ መዝገቧን አንዴ ስትገልጥ አንዴ ስትዘጋ ቆየች። "ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?"

"እንጨቱ ነው። አማቼ ጠማማ እንጨት ነው ያሸከመኝ።"

"ታዲያ የድሮዋን ይመልሷታ። በእሷ ሲሰፍሩ እኮ ጎድሎብን አያውቅም።"

በማግስቱ ሰፋሪው የድሮዋን እንጨት ከቤቱ አነሳ፤ አዲሱንም ቆርቆሮውንም ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ አማቹ ሥራ ቤት ሄደ። አናጢው መሬቱን በሙሉ የሸፈነ ሰጋቱራ መሐል ቆሞ የበር ፍሬም ይልጋል።

"የወንድ ልጅ ሥራ ነው ይሄ?" አለው አዲሱን እንጨት ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። "ጠማማ ነው። አዋረድከኝ።"

አናጢው አልተቆጣም። አዲሱን አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። ቀጥሎ የድሮዋን ተቀበለና አንዴ አገላብጦ አያት። ጣቱን አንደኛው ጫፏ አጠገብ አሳረፈ፣ ከዚያም ሌላኛው ጫፏ አጠገብ። ፊቱ ተለወጠ።

"አባባ፣ ጠማማው የኔ አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ይቺ እኮ ተበልታለች። የቆርቆሮው ጠርዝ ሁልጊዜ እዚህና እዚህ እየነካት ሞርዷታል። ሁለት ቦታ ጎድጉዳለች። መሐሏ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ መሐሏ ወደ ውስጥ ይገባል።" ቃል ጨመረ፣ እንዳይከብድበት በዝግታ። "ስንዴውን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠርገው።"

አናጢው ቆርቆሮውን ሰጋቱራ ሞላና በአዲሱ እንጨት አፉን ጠረገው። ከጠርዙ ጋር እኩል ሆነ። ከዚያ የድሮዋን አስቀመጠና ጎተታት። ቦታዋን አወቀች፣ አልተንሸራተተችም፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ከፊቷም የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሰጋቱራ እየገፋች አወረደች። አናጢው ከመሬት በእጁ አፈሰው። አራት እፍኝ ሆነ።

አራት እፍኝ ስንዴ ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ዳቦ ነው። ሰፋሪው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ክው ብሎ ቀረ። የሴትዮዋ ድምፅ ጆሮው ውስጥ መጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ባዶ ይሆኑብኛል ነበር ያለችው። ልኩን ነበር የተናገረችው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ልክ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሱ ግን በራሱ ጠማማ እንጨት መልሶ ሰፍሮ ውሸታም አደረጋት።

ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወረቀቱን ከግድግዳ ማውረድ ነው። ሚስቱ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች። "ምነው፣ ወደቀ?"

ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ጨርሶ እስኪናገር አላቋረጠችውም።

"ማን አየ?" አለች በመጨረሻ። "አማችህ እንደሆነ አፉ አይፈታም። እንጨቷን ምድጃ ውስጥ ጨምራትና በአዲሱ ስፈር። ከእንግዲህ ልክ ከሆነ በቃ እኮ ነው። አውቀህ አላደረግከው። ምን አደረግኩ ብለህ ነው ራስህን የምትበላው?"

"እሷስ?"

"ማን?"

"ጎደለብኝ።"

ሚስቱ ወደ ወንበሩ ዞር ብላ አየች። ሴትዮዋ ለእነሱም ታጥብላቸዋለች። የተጣጠፈው አንሶላ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው ያመጣችው። ስንዴ ሳታገኝ በተመለሰች በማግስቱ የእነሱን አንሶላ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ አምጥታለች።

"እኔም በዚያ ስም ስጠራት ኖሬያለሁ" አለች ሚስቱ። "ዛሬም ጠርቻታለሁ።" ስለ ምድጃው ዳግመኛ አላነሳችም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ሰፋሪው እህል አልወረደለትም። ጥፋቱ እንጨቷ ላይ ቢሆን በተሻለው ነበር፤ እንጨት ግን አያላግጥም። ያላገጠው የራሱ አፍ ነው። አንዴ ተመልሶ ሊያይ አይችልም ነበር? ሌላ እንጨት ተበድሮ አንዴ ብቻ ቢሰፍር ምን ነበረበት? ይህን እያሰበ ሚስቱን "መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ" ይላታል፤ እሷም "መሬት ሥራ አላት፣ አንተው ሄደህ ተናገር" ትለዋለች።

ሐሙስ ጭነቱ መጣ፣ አርባ አንዱም ቤተሰብ ተሰለፈ። አስተባባሪዋ እንጨቷን እጁ ላይ ስታይ ፈገግ አለች። "ተመስገን፣ የድሮዋን አመጡልን።"

ሰፋሪው ቆርቆሮውን ስንዴ ሞላ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ ባለ ጣውላ ላይ አስቀመጠው፣ በአዲሱ ጠረገው። ቀጥሎ በድሮዋ። አራቱ እፍኝ ወረደ።

"ልክ ስሰጣችሁ የኖርኩ መስሎኝ ነበር" አለ። "ስቀንስባችሁ ነው የኖርኩት። ቤቴ አልወሰድኩም፣ ከቤታችሁ ግን ወስጃለሁ።"

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ "እኔ እኮ አይጥ ነው ብዬ ድመት አሳደግኩ" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። አንዲት ሴት "ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ የሚያድረው እስር ቤት ነበር" አለች፤ ሰፋሪው ራሱን ነቀነቀላት፣ እውነቷን ነው። አስተባባሪዋ ተጠግታ ክንዱን ያዘችው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ በስብሰባ የሚነገር ነገር ነው። በአዲሱ ከሰፈሩ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም።"

"ካልበቃ አልበቃም ተብሎ ይጻፍ፣ ልጄ። በነዚህ ሰዎች ሆድ ተረፈ ተብሎ አይጻፍ።"

ከዚያ መጀመር የፈለገው ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከልብስ አጣቢዋ ነው። ሊጠራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ የሚያውቀው ያንኑ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨቷን እንደያዘ በሰው ሁሉ ፊት ሄደ።

"የዚያን ጊዜ እውነትሽን ነበር" አላት። "ጎድሎብሽ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ ያዋረድኩሽም እኔው ነኝ።" እንድትሰድበው ነበር የሚጠብቀው፤ ብትመታውም ደስ ባለው።

እንጨቷን ከእጁ ወሰደችና ጣቷን በተበሉት ቦታዎች ላይ አመላለሰች። ሳሙና የላጠው ጣት ነው።

"ልጄን ለእህቴ የሰጠኋት ያን ዓመት ነው" አለች። "ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤት መያዝ የማላውቅ አባካኝ ነኝ፣ ከኔ ጋር ትራባለች ብዬ። እርስዎ ሲሉኝ አመንኩ። ሰው ሁሉ ልክ ነዎት ይል የለ።"

ሰፋሪው ለሰልፉ የተወጠረውን ገመድ ያዘ።

"አሁን እማዬ የምትለው እህቴን ነው። ለምን ሰጠሽኝ ስትለኝ፣ እጄ አያያዝ አያውቅም እላታለሁ።" እንጨቷን ደረቷ ላይ አስጠጋች። "ይቺን ይስጡኝ።"

"ያንቺው ናት። ልምጣና እኔው ራሴ ልንገራት፣ እግሯ ላይ ወድቄ..."

"አይምጡ። እንጨቷ ትበቃኛለች።"

ወደ ሸራው ተመለሰና ቆርቆሮውን ቁልል አድርጎ ሞላ፤ በአዲሱ እንጨት ቀስ ብሎ፣ ከጠርዙ ጋር እኩል ጠረገው። እሷም ተከትላው መጥታ ከረጢቷን ዘረጋች። ሃያ ዓመት የለመደ አፉ ቀደመውና "የስንት ሰው ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"የአንድ" አለችው።