የእህቴ አበቦችና ሦስቱ በዓላት

የተዘፈዘፈ ትንባሆ በሸተተኝ ቁጥር የሐረሩ ቤታችን፣ ከግንቡ ሥር ያለችው ጠባብ ጓሯችን ትመጣብኛለች። እናቴ ያንን የሚከረፋ ውሃ በቅል ይዛ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ፣ የእህቴን የትርንጎን አበቦች ቅጠል በቅጠል ስትረጭ ትውል ነበር።

ትርንጎ ታላቄ ነበረች። ባቡሩ ድሬዳዋ ገባ ተብሎ በሚወራበት ዘመን፣ ሥራቸው ሽንኩርት የሚመስል ነጫጭ አበቦች ከጎረቤታችን ከአዴ ዘይነባ ተቀብላ በገዛ እጇ ተከለቻቸው፤ በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ወሰዳት። ፎቶግራፍ የት ይታወቅና፣ ከእሷ የቀረን እነዚያ አበቦች ብቻ ነበሩ። በጋውን ደርቀው ይቆዩና ግንቦት ላይ ዝናብ ሲጥል አፈሩን ፈንቅለው ብቅ ሲሉ፣ እናቴ «መጣችልኝ!» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ምን ልበል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ አፍር ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አባጨጓሬውም አብሮ ይገባ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየለቀምን እንጨፈልቃለን፣ አመድ እንነሰንሳለን፣ ትንባሆውን እንረጫለን፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንዱን ስንገድል አሥር ይፈላል።

አንድ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትሉ በርትቶ መጣ። መድኃኔ ዓለም፣ አማኑኤል፣ በዓለ ወልድ ተከታትለው የሚውሉበት ሰሞን ነበር፤ እናቴ በበዓል እንኳን ትል ልትለቅም መርፌም አትነካ። አዴ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ወላሂ፣ ይሄ ትል ሥሩ ውስጥ ሊገባ ነው። በዓሉ የናንተ እንጂ የኔ አይደል፤ ልልቀምልሽ» አሏት።

እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ «አይሆንም፣ አዴ። ለኔ ብለው ከሠሩት እኔው እንደሠራሁት ነው። ልጄ ያለችው እግዜር እጅ ነው፤ አላስቀይመውም» አለቻቸው።

በዓላቱ ሲያልፉ፣ ጎህ ሲቀድ አመዳችንን ታቅፈን ወጣን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቅጠሉ አልቆ፣ ግንዱ ተቦርቡሮ ነበር፤ ስንቆፍር ሥሩ እንደ በሰበሰ ድንች እጃችን ላይ ፈረሰ። እናቴ አላለቀሰችም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። አዴ ዘይነባ ሌላ ሥር በሻሽ ቋጥረው ቢያመጡላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የሷ እጅ አልነካውም» ብላ መለሰችላቸው። በተከታዩ ግንቦት ዝናቡ ሲጥል ወደ ጓሮ እንኳ አልወጣችም።

ያኔ በእናቴ እናደድ ነበር፤ ትል በዓል ያከብር ይመስል! ዛሬ እኔም አርጅቼ፣ ልጆቼ አበባ ከገበያ ገዝተው ያመጡልኛል፣ ሲጠወልግ ይጥሉታል፣ ማንም አያዝንም። በልጅነቴ እነዚያ አበቦች ፊት ስቆም የትርንጎ መልክ ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልገው፣ ብፈልገው፣ እምቢ አለኝ።