በቀብሩ ዕለት የተመዘገበ ስም

የልጅ ልጄ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ፣ በሥራ ባልደረቦቿ ፊት «ቫይረስ ያስገባሽብን አንቺ ነሽ» ተብላ ከሥራ ታገደች። ይህ በደል ነው። እንዲጻፍ የምፈልገውም ይኸው ነው፤ በኋላ የሆነው ነገር በደሉን አላጠፋውምና።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሸዋ በር አጠገብ ባለ አንድ የንግድ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ጠዋት ቀድማ የምትገባው እሷ ስለሆነች የፊተኛው ክፍል ኮምፒውተር በስሟ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ማተም የፈለገ ሁሉ ፍላሹን ሰክቶ እዚያው ይሠራል፤ ማንም በራሱ ስም አይገባም።

ባለቤቴ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ የቢሮው ፋይሎች አልከፈት አሉ። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሮቹ በኢንተርኔት የት የት እንደሄዱ የሚያሳየውን መዝገብ አሳተመ። አንድ የማይታወቅ አድራሻ ደጋግሞ አገኘ፤ ከጎኑ የልጅ ልጄ ስም አለ። በዚያው ፈረደ።

ሐኪም ጋራ ወዳለው ቤታችን በጠራራ ፀሐይ መጣች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች።

«የጊደር መጋላን ገበያ ሳልፍ ሰው ሁሉ የሰማ መሰለኝ» አለች። «ቢሮ አበላሸች ከተባልኩ ከእንግዲህ ማን ይቀጥረኛል?»

ከዘራዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የቢሮው ዘበኛ ከሩቅ አይቶኝ «እማማ፣ ዛሬ ማንን ሊገርፉ ነው?» አለኝ።

«አለቃህን።»

«ወላሂ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ይግቡ።»

ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። አክባሪ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት።

«እማማ፣ የኮምፒውተር ነገር ነው፤ አይገባዎትም።»

«ቁጥር አይደለም እንዴ? እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ቁጥር ነው።»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ይኸው፣ መጀመሪያ የታየው ሃያ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ከሐዘን ተመልሳ ወንበሯ ላይ ነበረች።»

«ሃያ አንዱ የእኛ ነው የፈረንጅ?»

ወረቀቱን እንደ አዲስ አየው። «የፈረንጅ» አለ ቀስ ብሎ።

«በእኛስ?»

ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ጣቱ ቆመ። «አሥራ ሁለት።»

አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። ባለቤቴን የቀበርነው በሚካኤል ዕለት ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ይህ ሰው ነበር፤ ልጄ ከኋላው ደረቷን እየመታች ስትከተል በዓይኑ አይቷታል። ዘበኛውን ጠራሁና በቀብሩ ዕለት ከቀትር በኋላ ቢሮ ውስጥ ማን እንደነበረ ጠየቅኩት።

«ማንም አልነበረም። ሁላችሁም ቀብር ወጥታችሁ በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለ አለቃውን እያየ።

ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሞከረ፤ አልተቀበልኩትም። ወረቀቱን በሙሉ የሚያነብ ሰው አምጣ፣ ሠራተኞችህም ሁሉ ባሉበት ይነበብ አልኩት። ከድሬዳዋ አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ አስመጣ። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ባለሙያዋ ስታነብ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ሰው ኢንተርኔት ሲከፍት አንዱ ጋ ይቆያል፣ ከሌላው ቶሎ ይወጣል፣ ይረሳል፣ ይመለሳል። ይኼ ግን እኩል ጊዜ እየጠበቀ፣ አንድ ዓይነት ትንሽ መልእክት ይዞ፣ ወደ አንድ አድራሻ ብቻ ይሄዳል። ቢሮው ሲቆለፍም አላቋረጠም። ተደብቆ የተቀመጠ ቫይረስ ነው፤ የላከውን ሰው ምን ልሥራ እያለ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ በእሷ ስም እንደተከፈተ ስለቀረ በስሟ ተመዘገበ።»

«ማን አስገባው?»

«ቀደም ብሎ በፍላሽ የገባ ይመስለኛል። የማን ፍላሽ እንደሆነ መዝገቡ አይናገርም።»

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን በየተራ ማየት ጀመረ።

«ተው» አልኩት። «በእሷ ፋንታ ሌላ ሰው ስቀል አላልኩህም።»

አንገቱን ደፋ። በሁሉም ፊት ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ተናገረ፤ ወደ ሥራሽ ተመለሺ አላት። እሷ አለቀሰች። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«ባለቤቴን ተሸክመህልኛል፤ ይህን ውለታህን አልረሳም። የዚያን ዕለት የት እንደነበረች ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለምን እሷ ናት አልክ?»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ስሟን ሳይ ማንበብ አቆምኩ፣ እማማ» አለኝ።