በአባቴ ጎማ ተበላሁ

ዛሬ ዳኞቹ የእኔን መብራት አልፈው አባቴ የተቀመጠበትን ጎማ ሸለሙ። አልቀለድኩም።

የተክለ ሃይማኖት ልጆች ከተጣለ ዕቃ የሠራነውን በሠፈሩ አዳራሽ ውስጥ ለውድድር አሳየን። እኔ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከስንደዶ የሠራሁትን መብራት አቀረብኩ። ጣቴ እስኪላጥ ነው የጎነጎንኩት!

አባቴ የመጣው ሊያይ ብቻ ነው። ወንበር አይተርፍም ብሎ ጎጃም በረንዳ ካለው ሱቁ መቀመጫውን ተሸክሞ መጣ፤ ዙሪያውን በገመድ የተጠመጠመ አሮጌ የመኪና ጎማ።

ዳኛዋ ጎማውን ደባበሰችው። «አባባ፣ ይሄን የመሰለ ነገር እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ምን ላርግ ልጄ፣ ለወንበር ብር ማውጣት አልወድም።»

እኛ ቤት ይሄ ስስት ይባላል። እሷ «ለአካባቢ መቆርቆር» አለችውና ሽልማቱ ለጎማው ሆነ።

በቅናት ደብን አልኩ። እሱ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው እኔ አሠለጥንሻለሁ» አይለኝም!

አሁን ጎማው የሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። «ሽልማት ላይ አይቀመጥም» ብሎ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ወገቡን ሲይዝ ሳይ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እስቲ በገዛ ቤተሰቡ የተበላ ካለ ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልረር።