ዘር ልጠይቅ ሪድሊ ሄጄ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፌርፋክስ

ልጄ ዳዊት ሩት የምትባል አሜሪካዊት ሊያገባ መሆኑን የነገረኝ፣ ፌርፋክስ ላይ ከምሠራበት የልብስ ጥገና ሱቅ ሊወስደኝ በመጣ ቀን ነው። ገና መኪናው ውስጥ ተደላድዬ ሳልቀመጥ «የማን ዘር ናት?» አልኩት።

ሳቀ። «እማ፣ ይሄ እኮ ሎስ አንጀለስ ነው። ዘር ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ። እሱንም ከሽማግሌዎቿ አፍ ነው የምሰማው።»

የጉዞዬ ምክንያት ይኸው ነበር። አሁን ሳስበው የምገባበት ይጠፋኛል።

በፈረንጆቹ 1992፣ በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ፣ የሩት አያት ወደሚኖሩባት ሪድሊ ተነሣን። ሩት ነርስ ናት፤ የምትኖረው ፓሳዴና ስለሆነ መጀመሪያ እሷን ሄደን አነሣናት። ረጅም ናት፣ ጠጉሯን አንድ ጉንጉን ሠርታ ወደ ኋላ ጥላዋለች፣ ጌጥ የሚባል የላትም። «ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ። ዳዊት ይቺን ቃል አስጠንቷት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ሶ፣ አራት ሰዓት ያህል ድራይቭ እናደርጋለን» አለ ዳዊት።

በተራራው ማዶ

ከከተማው ወጥተን ተራራውን ስንያያዘው ከባድ መኪኖቹ እያቃሰቱ በቀኝ በኩል ይሳቡ ነበር። ሣሩ ደርቆ እንደ አንበሳ ቆዳ ቢጫ ሆኗል። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ግን ሜዳው በአንዴ ተዘረጋ፤ ጥጥ፣ ወይን፣ ብርቱካን፣ ሁሉም በመስመር የተተከለ። ቤከርስፊልድ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ስንወርድ ሙቀቱ ከምድጃ እንደሚወጣ ወላፈን ፊቴን መታኝ።

ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድምና መንገድ ዳር ጥላ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት አንድ ቅርጫት ኮክ በሁለት ዶላር ገዛሁ። ሩት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ አይቻለሁ። ምክንያቱ የገባኝ ሪድሊ ደርሰን ወደ አያቷ ግቢ ስንታጠፍ ነው። ከበሩ አንስቶ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ የኮክ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ከብዛቱ የተነሣ መሬት ላይ ወድቋል። ቅርጫቴን ከእግሬ ሥር ልደብቅ ስሞክር ሽማግሌው መጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ከእኛዎቹ ይበልጣሉ» አሉ። አልቀለዱብኝም።

ራት

የሩት አያት ሚስተር ፍሪዘን ሰማንያ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ሜኖናይት ከሚባሉት፣ ክርስቲያን መሣሪያ አይይዝም ከሚሉት ወገን ናቸው። ራቱን ያሰናዱት ራሳቸው ነበሩ፤ ቋሊማ፣ ትንሽ ዳቦ በትልቅ ዳቦ ላይ ተደርቦ የተጋገረ፣ ከደረቀ ፍራፍሬ የተሠራ ቀዝቃዛ ሾርባ። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ለረጅም ጊዜ ጸለይን፤ አንድም ቃል አልተሰማም።

ዳዊት እያስተረጎመ እኔ ጀመርኩ። የአባቴን ወገን ቆጠርኩ። የአያቴን የፈረስ ስም፣ የጠመንጃውን ዓይነት፣ ስንቱን ጠላት እንደጣለ ሳይቀር ነገርኳቸው። በአገራችን ወግ ቤተሰብ ሲተዋወቅ የሚባለው ይኸው ነው። ሽማግሌው በጥሞና አዳመጡኝና ሹካቸውን አስቀመጡ።

«አያትዎ የገደሏቸው ሰዎች ልጆች ነበሯቸው?» አሉ።

ለነገር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አላውቅም። ፊቴ ጋለ፤ «እስቲ የእርስዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

የአባታቸውን ታሪክ ነገሩኝ። አባታቸው ገርሃርድ ሩሲያ ውስጥ ስንዴ ያመርት ነበር። ንጉሡ ወርዶ አገሩ ሲታመስ ፈረሰኛ ሽፍቶች ከመንደር መንደር እየዞሩ ይዘርፉ ጀመር። ገርሃርድ ከእምነቱ ውጪ አንድ ጠመንጃ ገዝቶ ጭድ ውስጥ ሸሸገ። ሽፍቶቹ ሲመጡ ታናሽ ወንድሙን ያኮብን ከግቢው መሐል አቆሙት። ገርሃርድ ጭዱ አጠገብ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ጠመንጃውን ያገኘዋል። አልዘረጋም። ያኮብን ገደሉት።

«እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ በኋላ አባቴ ይዞን ሸሸ። በሳይቤሪያ አድርገን ቻይና ገባን፤ ከዚያ በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ። እዚህ መጥቶ የሰው ወይን ለቃሚ ሆነ።»

ያቺ ጥያቄያቸው ገና ከጉሮሮዬ አልወረደችም ነበር። ወደ ዳዊት ዞር ብዬ በአማርኛ፣ ፊቴ ላይ ፈገግታዬን እንዳደረግሁ፣ «ወንድሙን አስገድሎ ዝም ያለ ፈሪ! ከዚህ ዘር ነው የልጅ ልጅ የምታሳየኝ?» አልኩት።

ዳዊት ደረቀ። ሽማግሌው አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያዩ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

የመለሰችላቸው ሩት ናት። «ስለ አጎትህ አዝናለሁ ነው የምትለው» አለቻቸው። ይህን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና አመሰገኑኝ። እጄ እጃቸው ውስጥ እንዳለ ሩትን አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም። ያልኩትን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳይቀር፣ ሰምታዋለች።

እሑድ

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ቁርስ አልበላችም።

«አማርኛ ትችያለሽ?» አልኳት።

«ዓመት ተማርኩ» አለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። «ለእርስዎ። ቀለበት ቀን ልናገር፣ ደስ እንዲልዎት።»



«እትዬ በላይነሽ፣ ለአያቴ ዋሸሁ። በእሱ ጠረጴዛ። እኛ ቤት እንዲህ አናደርግም።» ያልነካችውን ሳህን ገፋ አደረገች። «እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቱ የእኔን ነውር ተሸክማ አድራለች።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሽማግሌው የአባታቸውን መቃብር ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ከሌሎቹ የማይለይ አጭር ድንጋይ ነው፤ ማዕረግ የለው፣ ሙገሳ የለው። ዳዊትን «አንዲት ቃል ሳታጎድል ተርጉም» አልኩት።

«እማ፣ ተይው በቃ። ለምን ትጎጂያቸዋለሽ?»

«ተርጉም!»

ማታ ምን እንዳልኩ ነገርኳቸው። ሩት የዋሸችው እኔን ልትሸፍን እንደሆነም ነገርኳቸው። ዳዊት «ፈሪ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ድንጋዩ ዞሩ።

«በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልዘምትም ስል ከተማው ፈሪ አለኝ» አሉ። «ቤት ገብቼ ያንኑ ቃል አባቴ ላይ ወረወርኩበት። አልተቆጣኝም። ‹እምነት ይሁን ፍርሃት እኔም አላውቅም፤ በየቀኑ እግዚአብሔርን እጠይቃለሁ› አለኝ። እስኪሞት ጠየቀ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለ አባቴ ያሉት ለእሱ አዲስ አይደለም። የልጅ ልጄ በእርስዎ ምክንያት መዋሸቷ ግን ያመኛል።»

ምንም አይደለም አላሉኝም። ሊያጽናኑኝም አልሞከሩም። ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ እንዳልወድቅ ክንዳቸውን ሰጡኝ። እስከ መኪናው ድረስ ይዣቸው ሄድኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልኩም።

መልስ

በዚያው ቀን ተመለስን። ወይኑ፣ ጥጡ፣ ተራራው፣ ሁሉም ወደ ኋላ ቀረ። ፓሳዴና ስንደርስ ከሩት ጋር ወርጄ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አልኳት።

አሰበች። «ይቅር እላለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አይደለም።» በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ዘር መጠየቅ ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ጠያቂ ሌላውን እመዝናለሁ ብሎ ሲሄድ እሱም ሚዛን ላይ መቆሙን ይወቅ። እኔ ደፋርና ፈሪ የምለይ መስሎኝ ነበር፤ ጠመንጃ አጠገቡ እያለ እጁን የሰበሰበ ሰው ምን እንደሚባል ግን እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

ፌርፋክስ ደርሰን ዳዊት መኪናውን ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ፤ አልወረደም።

«እማ» አለኝ፣ መሪውን እንደያዘ። «ሩት አማርኛ ባትሰማ ኖሮ ትነግሪያቸው ነበር?»

እጄን በሩ እጀታ ላይ አድርጌ ቆየሁ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።